ተርቦው ተገጠመ፤ ሞተሩስ?

የስፖርት መኪና የገዛ ሰው የመጀመሪያዎቹን ወራት በደስታ ያሳልፋል። ከዚያ ጉልበቱ ማነስ ይጀምርበታል። መኪናው አልደከመም፤ ባለቤቱ ነው የለመደው። ማታ ማታ ስልኩ ላይ የተርቦ ኪት፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ ትርፍ አየር የሚጠቀጥቅ መሣሪያ ከነመግጠሚያው፣ ሲያገላብጥ ያመሻል። ኪቱ በሳጥን ታሽጎ ቤት ድረስ ይመጣል። ማስታወቂያው ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ይበቃሃል ይለዋል።

ማስታወቂያው ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ብሎን መፍታትና ማሰር የሚችል፣ ትዕግሥት ያለው ሰው ተርቦ መስቀል አያቅተውም። ሁለት ቀን ሳይሆን ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል እንጂ ይገጥመዋል። ጣጣው የሚመጣው መኪናው ከተነሳ በኋላ ነው። ሞተሩ ውስጥ ለሚገባው ትርፍ አየር ምን ያህል ቤንዚን እንደሚሰጠው፣ ካንዴላውስ በየትኛዋ ቅጽበት እሳት እንደሚለኩስ መወሰን አለበት። ይህ ሥራ መፍቻ አያስፈልገውም። ሳጥኑ ውስጥም የለም። ቢኖር እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ለእናንተ ሞተር ተለክቶ አልተሠራም።

ጣጣው የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር የተባለች መኪና ለገበያ አቀረበ። ተርቦ ተገጥሞላቸው ለሕዝብ ከተሸጡት የመጀመሪያዎቹ የቤት መኪኖች አንዷ ናት። 3.5 ሊትር ቪ8 ሞተሯ 215 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ኮምፕሬሽን ሬሾው፣ ማለትም ፒስተኑ የአየርና የቤንዚኑን ድብልቅ ስንት እጥፍ እንደሚጨምቀው የሚናገረው ቁጥር፣ ግን 10.25 ለ1 ነው። ለዚያ ዘመን የተርቦ ሞተር ይህ በጣም ከፍ ያለ ነበር። ሞተሩ እንዳይጎዳ መሐንዲሶቹ ውኃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ከአየሩ ጋር አብሮ እንዲረጭ አደረጉ። ፈሳሹ የራሱ ጋን ነበረው፤ ባለቤቱ እየተከታተለ መሙላት አለበት። ብዙ ሰው ረሳው። ፈሳሹ ሲያልቅ መኪናዋ ራሷን ለማዳን ቡስቱን (ተርቦው የሚጨምረውን የአየር ግፊት) ትቀንሳለች፤ ሰውየው ደግሞ መኪናዬ ጉልበት አጣች ብሎ ይመጣል። በመጨረሻ ኩባንያው ራሱ ከብዙዎቹ ላይ ተርቦውን አውርዶ በካርቡሬተር ተካው። በዚያው ዓመት የወጣው ተርቦ የተገጠመለት ሼቭሮሌ ኮርቬየር 8 ለ1 ኮምፕሬሽን ስለነበረው እንዲህ ያለ ፈሳሽ አላስፈለገውም።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ዛሬ ቤቱ ተርቦ የሚገጥም ሰው ሳያውቀው ከጄትፋየር መሐንዲሶች ጋር አንድ ፈተና ላይ ስለሚቀመጥ ነው። እንዲያውም የእሱ ይከብዳል። ፋብሪካዎቹ አብዛኞቹን የስፖርት መኪኖች ራሳቸው ወደ ተርቦ አዙረዋል፤ ፖርሽ እንኳ ተራውን 911 ካሬራ በ2015 መጨረሻ ላይ ባለ ተርቦ አድርጎታል። ያለ ተርቦ ከቀሩት ጥቂት ርካሽና ቀላል መኪኖች መካከል ማዝዳ ኤምኤክስ-5 እና ቶዮታ ጂአር86 አሉ። የኪት ሻጮች ዓይንም እነሱ ላይ ነው። እነዚህ ሞተሮች ያለ ተርቦ ጉልበት እንዲሰጡ ሲባል ኮምፕሬሽናቸው ሰማይ ነክቷል። በ1989 የወጣው የመጀመሪያው ኤምኤክስ-5 ኮምፕሬሽኑ 9.4 ለ1 ነበር። የአሁኑ ባለ 2 ሊትር 13 ለ1 ደርሷል። ጂአር86 ደግሞ 12.5 ለ1 ነው። "ጓደኛዬ በድሮው መኪና ላይ ገጥሞ ምንም አልሆነም" የሚለው ምክር እዚህ ላይ አይሠራም።

ኮምፕሬሽን ይህን ያህል ለምን ያስፈራል? ወደ ሲሊንደሩ እንግባ።

ተርቦ በአንድ ዘንግ የተያያዙ ሁለት ጎማ መሰል ተሽከርካሪዎች ማለት ነው። አንዱን የሚወጣው የጭስ ግፊት ያሽከረክረዋል። ሌላው ከውጭ አየር ስቦ ወደ ሞተሩ ይጠቀጥቃል። ሐሳቡን ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ በ1905 የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፤ ትንንሾቹ ተርቦዎች ከ200,000 ያልፋሉ። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 1 ባር ገደማ ነው። ተርቦው ግማሽ ባር ሲጨምርበት ሞተሩ አንድ ተኩል እጥፍ አየር ወደማግኘት ይጠጋል። ብዙ አየር ሲኖር ብዙ ቤንዚን ማቃጠል ይቻላል፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

"ይጠጋል" ያልኩት አየር ሲጨመቅ ስለሚግል ነው። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፖምፓ የነፋ ሰው ፖምፓው ምን ያህል እንደሚሞቅ ያውቃል። በ25 ዲግሪ ሙቀት የገባ አየር በግማሽ ባር ቡስት ሲጠቀጠቅ፣ ከተርቦው ሲወጣ 75 ዲግሪ ገደማ ሊደርስ ይችላል። የሞቀ አየር ቀጭን ነው። ስለዚህ አንድ ተኩል እጥፍ የሚባለው ነገር ይሸራረፋል። ከመኪናው ፊት የሚሰቀለው ኢንተርኩለር ሥራው ይህን ሙቀት መልሶ ማውረድ ነው። ኢንተርኩለር የሌለበት ርካሽ ኪት ሲያጋጥመኝ ቀሪውን ዝርዝር አላነብም።

ሙቀቱ ጉልበት በመብላት ብቻ ቢያበቃ ምንም አልነበረም። ዋናው አደጋ ማንኳኳት ወይም ሜካኒኮች ኖክ የሚሉት ነው። ጤነኛ ሞተር ውስጥ ካንዴላው እሳት ይለኩሳል፤ እሳቱም ከመሃል ወደ ዳር እየሰፋ ይሄዳል። ቤንዚኑ ይቃጠላል እንጂ አይፈነዳም። ነገር ግን ግፊቱና ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ፣ ዳር ላይ ተራውን የሚጠብቀው ድብልቅ እሳቱ ሳይደርስበት በራሱ ይፈነዳል። ፒስተኑ በመዶሻ እንደተመታ ነው የሚቆጥረው። መጀመሪያ የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ በፋሻዎቹ (ፒስተኑን በሚከቡት የብረት ቀለበቶች) መካከል ያለው ቀጭን የፒስተን ክፍል ነው። ሾፌሩ ሙሉ ነዳጅ ረግጦ ሲሄድ ድምፁን በጆሮው ላይሰማው ይችላል። የሚያውቀው ኋላ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ሲወጣ ነው። ያኔ ደግሞ አልፏል።

ከፍተኛ ኮምፕሬሽን ያለው ሞተር ድብልቁን ገና ተርቦ ሳይጨመርበት ወደዚያ ገደል አፋፍ አስጠግቶታል። ተርቦው ከኋላ ይገፋዋል።

ማራቂያው መንገድ አለ። ከፍ ያለ ኦክቴን ያለው ቤንዚን በራሱ ቶሎ አይፈነዳም። ኢንተርኩለሩ አየሩን ያቀዘቅዛል። ታይሚንጉን ማዘግየት፣ ማለትም ካንዴላው ትንሽ ቆይቶ እንዲለኩስ ማድረግ ከፍተኛውን ግፊት ይቀንሳል። ቤንዚን ማብዛትም ሙቀቱን ያወርዳል። በተለምዶ 14.7 ግራም አየር ከ1 ግራም ቤንዚን ጋር ሲደባለቅ ሁሉም እኩል ይቃጠላል። ተርቦ ሙሉ ሲገፋ ግን ድብልቁ ወደ 11.5 ወይም 12 ይወርዳል፤ ትርፉ ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይወስዳልና። ሰዎች ስንት ቡስት ይችላል ብለው ይጠይቃሉ። እኔ ብጠየቅ ታይሚንጉንና ድብልቁን ማን አስተካከለው ብዬ ነው የምጀምረው። በሥርዓት የተስተካከለ ሞተር ከፍ ባለ ቡስት ዓመታት ሲኖር፣ ታይሚንጉ ያልተነካ ሞተር በግማሽ ባር በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያልቅለት ይችላል።

እንግዲህ ወደ ጋራዡ። ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት ሞተሩ ይመርመር። የእያንዳንዱ ሲሊንደር የመጭመቅ ግፊት ይለካ። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ቆም ማለት ይሻላል። አየር የሚያፈስስበትን ቦታ የሚያሳየው ምርመራም ቢታከል ጥሩ ነው፤ ከፋሻው ይሁን ከቫልቩ ወይስ ከቴስታታው ጓርኒሲዮን (ከሞተሩ ራስ ማሸጊያ)፣ ይናገራል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ዘይት የሚበላ ሞተር ላይ ተርቦ መስቀል ያዘነበለውን ግድግዳ በትራስ እንደመደገፍ ነው።

በቤት ውስጥ ሥራ አብዛኛው ስህተት የሚፈጸመው በዘይቱ መስመር ላይ ነው፤ እኔም እዚህ ላይ ቆየት ልበል። የተርቦው ዘንግ በዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚዞረው። ዘይት በቀጭን ቱቦ በግፊት ይገባለታል። የሚወጣው ግን በግፊት አይደለም፤ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይፈስሳል። ስለዚህ የመመለሻው ቱቦ ወፍራም፣ ቁልቁል የወረደና መታጠፊያ ያልበዛበት መሆን አለበት። ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ገንዳ) የሚገባውም ከዘይቱ ከፍታ በላይ ነው። ብዙ ሰው ቦታ ስላጠረው ቱቦውን ያጣምመዋል፤ ወይም ዝቅ አድርጎ ያስገባዋል። ዘይቱ መውጫ ሲያጣ ተርቦው ውስጥ ይጠራቀማል። የተርቦው ዘይት መያዣ የጎማ ማኅተም አይደለም፤ ከፒስተን ፋሻ ጋር የሚመሳሰል የብረት ቀለበት ነው። የተጠራቀመ ዘይት አያቆምም። ወደ ጭሱ በኩል ሾልኮ መኪናው እንደ ጭስ ቤት ይጨሳል። ባለቤቱ ተርቦው ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ያዝዛል። ሁለተኛውም ያጨሳል። ጥፋተኛው ቱቦው ነበር።

ሌላው ደግሞ ኮፓውን መብሳት ነው። የመመለሻ ቱቦ ማስገቢያ ከሌለው መበሳት አለበት። አንዳንዱ ኮፓውን ሳያወርድ እዚያው መኪናው ሥር ተኝቶ ይበሳዋል፤ መሰርሰሪያው ላይ ግሪስ ከቀባሁ ፍቅፋቂው ይይዛል እያለ። አንዲት ቅንጣት ብረት ወደ ዘይት ፖምፓው ከገባች ብሮንዚናው (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት መቀመጫ) ላይ ምን እንደምትሠራ አስቡት። ኮፓውን ማውረድ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። ይውረድ፣ ይበሳ፣ ማስገቢያው ይበየድ፣ ታጥቦ ይመለስ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

የጭሱ በኩል ሌላ ዓለም ነው። ሙሉ ጉልበት ላይ ያለ ሞተር ጭሱ ከ900 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ብረቱ ጨለማ ውስጥ ቀልቶ ይታያል። እየጋለ ይለጠጣል፣ እየቀዘቀዘ ይሸበሸባል። ተራ ዳዶ በዚህ መሃል ይላላል። ስለዚህ እንዳይላሉ ሆነው የተሠሩ ዳዶዎች ያስፈልጋሉ። ተርቦውን ከሞተሩ የጭስ መውጫ ጋር የሚያገናኙት፣ ቀጫጭን ቱቦዎች ተበይደው የተሠሩት ማያያዣዎች ለዓይን ያምራሉ፤ ርካሾቹ ግን ብየዳቸው ላይ ይሰነጠቃሉ። ከቀለጠ ብረት በቅርጽ የተሠራው ከባዱና አስቀያሚው ማያያዣ ለመንገድ መኪና ይሻላል ብዬ አምናለሁ። በአቅራቢያው ያለ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የፍሬን ፈሳሽና የቤንዚን መስመር ከሙቀቱ መከለል አለበት። ይህን የዘለለ ሰው የሞተር ዋጋ ሳይሆን የመኪና ዋጋ ነው የሚከፍለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ቤንዚኑና ሞተሩን ወደሚያዝዘው ኮምፒውተር።

በደቂቃ 7,000 ጊዜ በሚዞር ሞተር አንድ ሲሊንደር ሁለት የሞተር ዙር የሚወስደውን ሙሉ ሥራውን የሚጨርሰው በ17 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ኢንጀክተሩ ቤንዚኑን ሁሉ የሚረጨው በዚያች ቅጽበት ውስጥ ነው። የፋብሪካው ኢንጀክተር የሚመረጠው ለፋብሪካው ጉልበት ነው፤ ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ሁልጊዜ ተከፍቶ ቢቆይ እንኳ አይበቃም። ያኔ ድብልቁ ይሳሳል። የሳሳ ድብልቅ በቡስት ሥር ፒስተን ያቀልጣል። ስለዚህ ትልልቅ ኢንጀክተር፣ ብዙ ጊዜም ጠንካራ የቤንዚን ፖምፓ ያስፈልጋል። ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ በሚረጩት አዳዲስ ሞተሮች ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይታከላል፤ ሞተሩ ዝቅ ባለ ዙር ላይ ሆኖ ብዙ ጉልበት ሲጠየቅ ድብልቁ ከካንዴላው ቀድሞ የሚቀጣጠልበት ጊዜ አለ። የሞተር ዘይቱም እዚህ ውስጥ እጅ ስላለው የዘይት ደረጃ አውጪዎቹ ለዚህ ሲሉ በ2018 ኤፒአይ ኤስኤን ፕላስ የተባለውን ደረጃ አምጥተዋል። ስለዚህ በአራተኛ ወይም አምስተኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር፣ እስከ ወለሉ መርገጥ ይቅር።

ኮምፒውተሩስ? የፋብሪካው ኮምፒውተር ቡስት የሚባል ነገር አያውቅም። አንዳንዱ መኪና ላይ ያለው የግፊት መለኪያ ከውጭ አየር ግፊት ትንሽ ከፍ ሲል ማንበብ ያቆማል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ በጭፍን ነው የሚሠራው። ድሮ ኮምፒውተሩን የሚያታልሉ ትንንሽ ሳጥኖች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። የሚያምኑባቸው አሉ። እኔ ግን የሚዋሽለት ኮምፒውተር ያለው መኪና ረጅም መንገድ ይዤ አልወጣም። የሚበጀው ኮምፒውተሩን እንደገና መጻፍ ወይም በሌላ መተካት ነው። ሥራውም ዳይኖ (መኪናው ቆሞ ጉልበቱ የሚለካበት መሣሪያ) ላይ፣ ድብልቁን በትክክል የሚለካ ዋይድባንድ ሴንሰር ተገጥሞ፣ ኖክ እየተሰማ ይሠራ። በኢሜይል የሚላክ ዝግጁ የማስተካከያ ፋይል ሞተሩን ለማስነሳትና ቀስ ብሎ ወደ ዳይኖው ለመንዳት ይሆናል። ከዚያ በላይ አታምኑት። ሁለት አንድ ዓይነት መኪኖች አንድ ዓይነት ቤንዚን ቢቀዱም አንድ ዓይነት አይደሉም።

በጀት ሲያዝ ታዲያ የቱኒንጉ፣ ማለትም የዚህ ማስተካከያ፣ ገንዘብ አስቀድሞ ይቀመጥ። ኪቱን ገዝተው ቱኒንጉን ለሚቀጥለው ወር ያሉ ሰዎች ናቸው ኋላ ሞተር ፍለጋ የሚዞሩት።

ካንዴላ አንድ ደረጃ የሚቀዘቅዝ ይሁን፤ ክፍተቱም ይጥበብ። 1.1 ሚሊ ሜትር የነበረው ወደ 0.7 ወይም 0.8 ሊወርድ ይችላል፤ ያለዚያ የተጨመቀው አየር እሳቱን ያጠፋዋል። ዌስትጌት የሚባለው በር ጭሱን ወደ ጎን በማሳለፍ ቡስቱን ይገድባል። የእሱ ቀጭን ጎማ ቱቦ ከወጣ ቡስቱ ገደብ ያጣል፤ ስለዚህ በደንብ ይታሰር። "ፕሽሽ" የሚለው፣ ማርሽ ሲቀየር የተጠራቀመውን አየር የሚያስተነፍሰው ብሎው ኦፍ ቫልቭ ደግሞ ብዙዎቹ መኪናውን የሚቀይሩበት እውነተኛ ምክንያት እንደሆነ እጠረጥራለሁ። ነገር ግን የሚገባውን አየር የሚለካ ሴንሰር ባለበት መኪና ላይ አየሩን ወደ ውጭ ከለቀቀው፣ ኮምፒውተሩ የቆጠረው አየር ጠፋ ማለት ነው። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ቤንዚን ይበዛል፣ መኪናው ያስላል። አየሩን ወደ መግቢያው የሚመልሰው ዓይነት ድምፁ አያስደስትም፤ መኪናው ግን በሥርዓት ይሄዳል።

ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል፤ ጠብቁት። ካምቢዮውም የተሠራለት ልክ አለው። ራዲያተሩ ሙቀቱን ላይችል ይችላል። ፍሬኑ ደግሞ ለድሮው ፍጥነት የተሠራ ነው።

መኪና ሥር በክሪክ ብቻ ተማምኖ የሚገባ ሰው አሁንም አለ። ክሪክ ለማንሳት ነው፤ ለመሸከም ቋሚ መደገፊያ ይደረግ። የቤንዚን መስመር ሲፈታ ግፊቱ አስቀድሞ ይርገፍ፤ ባትሪው ይነቀል፤ የእሳት ማጥፊያውም እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ።

ሕጉ በየአገሩ ይለያያል፤ የማይነካው የለም ማለት ግን ይቻላል። በአሜሪካ ንጹሕ አየርን የሚመለከተው ሕግ የጭስ መቆጣጠሪያን መነካካት ይከለክላል። በካሊፎርኒያ ኪቱ ከአየር ጥራት ቦርዱ የተሰጠ የፈቃድ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። በጀርመን እንዲህ ያለ ለውጥ ተመርምሮ በመኪናው ሰነድ ላይ መመዝገብ አለበት። ብዙ ኪቶች ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ያነሱታል ወይም ቦታውን ይቀይሩታል፤ ችግሩ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። ኢንሹራንስም አለ። ያልተነገረው ለውጥ አደጋ በደረሰ ቀን ላለመክፈል በቂ ምክንያት ይሆነዋል። ፋብሪካዎቹም በበኩላቸው በሩን እየዘጉት ነው። በ2020 የወጣው ሲ8 ኮርቬት ኮምፒውተሩ በምስጢር ኮድ ተቆልፎ ነው የመጣው። ቤት ውስጥ ተርቦ የመግጠም ዘመን የሚያበቃ ከሆነ መፍቻ ጠፍቶ አይሆንም፤ ይህ ቁልፍ ሳይከፈት ቀርቶ ነው የሚሆነው።

ሁሉም ታስሮ አልቋል እንበል። አትቸኩሉ። መጀመሪያ ቤንዚኑና እሳቱ ተቋርጦ ሞተሩ በማስነሻው ብቻ ይዙር፤ የዘይት ግፊት እስኪታይ ድረስ። ደረቅ ተርቦ በሰከንዶች ውስጥ ይጎዳል። ከዚያ የአየር መስመሩ በኮምፕሬሰር ቀለል ባለ ግፊት ይሞላና ማያያዣዎቹ ላይ የሳሙና ውኃ ይረጭ። አረፋ የታየበት ያፈስሳል። ሞተሩ ሲነሳ ቡስት ሳይነካው በዝግታ ይሙቅ። ዘይቱም ውኃውም ይታይ። የሞቀ ተርቦ ከብርቱ ጉዞ በኋላ ወዲያው አይጥፋ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቁም፣ ዘይቱ ውስጡ ተቃጥሎ እንዳይጠጥር።

100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ክዳኑ ይከፈት፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ። የጭሱ ማያያዣ ዳዶዎች አንድ በአንድ ይፈተሹ። አንድ ሁለቱ መላላታቸው አይቀርም።